ሳይለኩ አይቆረጥም፦ ያልተቆራረጠ የበረራ ሲሙሌሽን እና የኮምፒውተር ቅንብር

በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል



የዛሬው ርእሰ ጉዳዬ ሲሰሙት የጨዋታ ነገር ሊመስል ይችላል። አንድ ተማሪ በግል ኮምፒውተሩ ላይ የበረራ ሲሙሌተር ይጭናል፤ ከቦሌ ተነሥቶ ወደ ባሕር ዳር ለመብረር ይሞክራል፤ ምስሉ ግን ይቆራረጥበታል። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። ከጓደኛ የሰማውን ቅንብር ሁሉ በአንድ ቀን ይነካካል። ያም አልሆን ሲል ገንዘብ አጠራቅሞ አዲስ ግራፊክስ ካርድ ይገዛል። ካርዱ ከተገጠመ በኋላም መቆራረጡ እንደ ነበረ ይቀጥላል። በውጭ ምንዛሪ ለሚገባ ዕቃ፣ ያውም በተማሪ ኪስ፣ ይህ ቀላል ኪሳራ አይደለም።

እኔ ዛሬ የማቀርበው የተዘጋጀ የቅንብር ዝርዝር አይደለም። እንዲህ ያለው ዝርዝር ለአንዱ ማሽን መድኃኒት፣ ለሌላው ከንቱ ድካም ነው። ከዚያ ይልቅ ሁለት ሐሳቦችን ላስረዳችሁ እፈልጋለሁ። የመጀመሪያው፣ ያልተቆራረጠ በረራ የሚገኘው ከፍሬሞች ብዛት ብቻ ሳይሆን ፍሬሞቹ በእኩል ጊዜ ተራርቀው ከመምጣታቸው መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ አንድም ቅንብር ከመነካቱ በፊት ሥራውን የሚያዘገየው የኮምፒውተር ክፍል የቱ እንደ ሆነ በልኬት መታወቅ ያለበት መሆኑ ነው። ዐሥር ጊዜ ለክተህ አንድ ጊዜ ቁረጥ የሚለው የአበው ምክር ለልብስ ሰፊ ብቻ የተነገረ አይደለም።

ጉዳዩ ለምን ያሳስበናል?

በምድር ላይ ተቀምጦ በረራን የመለማመድ ሐሳብ ከኮምፒውተር ይቀድማል። አሜሪካዊው ኤድዊን ሊንክ እ.ኤ.አ. በ1929 የሠራው የማሠልጠኛ መሣሪያ ይንቀሳቀስ የነበረው በአየር ግፊት ነበር፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን እጅግ ብዙ አብራሪዎች ደመና ውስጥ በመሣሪያ ብቻ መብረርን የተለማመዱት በእርሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 የማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር ለግል ኮምፒውተር ቀረበ። ዛሬ ከእርሱ ሌላ ኤክስ ፕሌን አለ፤ የምንጭ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነውና ያለ ክፍያ የሚገኘው ፍላይት ጊርም አለ። በዚህም የተነሣ የአቪዬሽንም ሆነ የምህንድስና ተማሪ የአውሮፕላንን ጠባይ በመኝታ ክፍሉ ሊያጠና ይችላል።

በቤት ኮምፒውተር የተለማመዱት ሰዓት በአብራሪ የበረራ መዝገብ ላይ አይጻፍም። በእጅና በዐይን ልማድ ላይ ግን ይጻፋል። መቆራረጥን ከውበት ጉድለት በላይ የሚያደርገውም ይኸው ነው።

አንድ አብራሪ አውሮፕላኑን ወደ ማኮብኮቢያው ሲያስጠጋ ያያል፣ ያርማል፣ ደግሞ ያያል፣ ደግሞ ያርማል። ይህ በቁጥጥር ምህንድስና ትምህርታችን ዝግ ዑደት የምንለው ነው። በዝግ ዑደት ውስጥ መዘግየት ሲገባ መረጋጋት ይናጋል። አብራሪው በየ2 ሰከንዱ አንድ ሙሉ የእርማት ዙር ያደርጋል እንበል። ምስሉ ከእጁ እንቅስቃሴ 200 ሚሊሰከንድ ከዘገየ የዙሩ አንድ ዐሥረኛ ጠፋ ማለት ነው፤ በማዕዘን ሲገለጽ 36 ዲግሪ ይሆናል። የእርሱ እርማት አውሮፕላኑ ቀድሞ ለነበረበት ሁኔታ እንጂ አሁን ላለበት አይሆንም። ስለዚህ ያበዛል፤ ያበዛውን ለመመለስ ደግሞ ወደ ሌላው ወገን ያበዛል፤ አፍንጫው ሽቅብ ቁልቁል መወዛወዝ ይጀምራል። የአቪዬሽን ባለሙያዎች ይህን በአብራሪው አማካይነት የሚፈጠር ውዝዋዜ ይሉታል።

በዚህ ምክንያት ነው ለሙሉ የበረራ ሲሙሌተሮች የመዘግየት ገደብ የተደነገገው። በአሜሪካም ሆነ በአውሮፓ መስፈርቶች ለረጅም ጊዜ የታወቀው ገደብ ለከፍተኛዎቹ ደረጃዎች 150 ሚሊሰከንድ፣ ለዝቅተኛዎቹ 300 ሚሊሰከንድ ነበር። የቤት ኮምፒውተራችንን በዚያ ሚዛን መመዘን አይጠበቅብንም። ሆኖም በሚሊዮን ዶላር የሚገመት መሣሪያ የሚያስጨንቀው ነገር እኛን ጭራሽ ሊያሳስበን አይገባም ማለት አይቻልም።

አንድ ምሳሌ ልጨምር። ኤክስ ፕሌን በሰከንድ የሚያወጣቸው ፍሬሞች ከ20 ገደማ በታች ሲወርዱ የአየር ኃይሎችን ስሌት ትክክለኛነት ለመጠበቅ ሲል የሲሙሌሽኑን ጊዜ ራሱን ያዘገየዋል። በመደበኛ ፍጥነት የሚደረግ ዙር በሰከንድ 3 ዲግሪ ስለሚሆን 360 ዲግሪውን ለመጨረስ 2 ደቂቃ ይፈጃል። ጊዜው በዘገየበት ሲሙሌተር ውስጥ ግን ያው ዙር በተማሪው የእጅ ሰዓት ከ2 ደቂቃ ይበልጣል። ተማሪው በሰዓት የሚለማመደው ማንኛውም ሥርዓት፣ ሳይታወቀው፣ በተዛባ ሰዓት የተለማመደው ይሆናል።

ፍሬም ሲቆጠርና ፍሬም ሲለካ

በተለምዶ የምንጠይቀው ጥያቄ «በሰከንድ ስንት ፍሬም?» የሚል ነው። እኔ እንድትጠይቁ የምፈልገው «እያንዳንዱ ፍሬም ስንት ሚሊሰከንድ ፈጀ?» የሚለውን ነው። በሰከንድ 60 ፍሬም ማለት ለእያንዳንዱ 16.7 ሚሊሰከንድ ማለት ነው፤ 30 ፍሬም ደግሞ 33.3 ሚሊሰከንድ።

ልዩነቱን አውቶቡስ በመጠበቅ ልንረዳው እንችላለን። በአንድ ሰዓት ውስጥ ስድስት አውቶቡስ መጣ ቢባል በአማካይ በየ10 ደቂቃው አንድ መጣ ማለት ነው። ነገር ግን ስድስቱም ተከታትለው በመጨረሻው ደቂቃ የመጡ እንደ ሆነ፣ ከሰዓቱ መጀመሪያ አንሥቶ ፌርማታው ላይ የቆመ ሰው ስለ አማካዩ ቢነገረው አይጽናናም። አማካይ ቁጥር የጠበቀውን ሰው ድካም ይደብቃል።

በሲሙሌተር ውስጥም እንዲሁ ነው። በአንድ ሰከንድ ውስጥ 49 ፍሬሞች እያንዳንዳቸው በ15 ሚሊሰከንድ ወጡ እንበል፤ ድምሩ 735 ሚሊሰከንድ ነው። 50ኛው ፍሬም ብቻውን 265 ሚሊሰከንድ ፈጀ። ቆጣሪው «50» ብሎ ይጽፋል፤ ቁጥሩም ያማረ ነው። ተመልካቹ ግን ከሰከንድ ሩብ በላይ አውሮፕላኑ በአየር ላይ ተገትሮ ያያል። ሌላ ማሽን 30 ፍሬም ብቻ አውጥቶ እያንዳንዱን በ33.3 ሚሊሰከንድ ቢያደርስ ለማረፍ የሚመረጠው ይህ ሁለተኛው ነው። ስለዚህ ውጤት ስትመዘግቡ ከአማካዩ ጎን እጅግ የዘገዩትን ከመቶ አንድ ፍሬሞች ለይታችሁ ጻፉ። ሕመሙ ያለው እዚያ ነው።

ስክሪኑም የራሱ ምት አለው። 60 ኸርዝ ስክሪን በየ16.7 ሚሊሰከንዱ ይታደሳል። ምስሉ እንዳይቀደድ ሲባል ፍሬሙ ከስክሪኑ ምት ጋር እንዲጣጣም ስናዝ፣ በ17 ሚሊሰከንድ የደረሰ ፍሬም ለጥቂት ስላመለጠው ቀጣዩን ምት መጠበቅ ይኖርበታል። ኮምፒውተሩ በሰከንድ 40 ፍሬም የሚያወጣ ከሆነም አንዱ ፍሬም ለአንድ ምት፣ ቀጣዩ ለሁለት ምት እየታየ እንቅስቃሴው ያነክሳል። እዚህ ላይ ፍሬሙን በ30 መገደብ፣ ቁጥሩ ቢያንስም፣ ዐይን የሚያየውን እንቅስቃሴ ያስተካክለዋል። እርግጥ ነው፣ ረዘም ያለ ፍሬም መዘግየትንም በመጠኑ ይጨምራል፤ ስለዚህ 60ን ሳያወላዳ መያዝ የሚችል ማሽን በ30 መገደብ የለበትም። ከግራፊክስ ካርዱ ጋር ምቱን የሚያስማማ፣ ጂ ሲንክ ወይም ፍሪሲንክ የተባለው ቴክኖሎጂ ያለው ስክሪን ካላችሁ ደግሞ ይህ ችግር በአብዛኛው ይቃለላል።

የሚያዘገየው የቱ ነው?

አንድ ፍሬም ሁለት ዋና ሠራተኞች አሉት። ፕሮሰሰሩ የአውሮፕላኑን እንቅስቃሴ፣ የአየር ሁኔታውን፣ በዙሪያው ያሉትን ሌሎች አውሮፕላኖች ያሰላል፤ በመጨረሻም ምን እንደሚሣል የሚዘረዝር ትእዛዝ ያዘጋጃል። ግራፊክስ ካርዱ ትእዛዙን ተቀብሎ ይሥላል። ሁለቱ ጎን ለጎን ስለሚሠሩ የፍሬሙን ጊዜ የሚወስነው ከሁለቱ የዘገየው ነው። ፕሮሰሰሩ 30 ሚሊሰከንድ፣ ካርዱ 12 ሚሊሰከንድ የሚፈጁ ከሆነ ፍሬሙ 30 ሚሊሰከንድ ያህል ይፈጃል። እዚህ ላይ ካርዱን በእጥፍ ፈጣን በሆነ ብትተኩት 12ቱ ወደ 6 ይወርዳል፤ ፍሬሙ ግን ከ30 ንቅንቅ አይልም። ቀደም ብዬ ያነሣሁት ተማሪ ገንዘብ የጠፋው በዚህ ስሌት ነው።

«ፕሮሰሰሬ ስምንት ኮር አለው፤ ሥራ አስተዳዳሪው ግን ከመቶ 30 ብቻ እየሠራ መሆኑን ያሳየኛል፤ ታዲያ እንዴት እርሱ ዘገየ ይባላል?» የሚል ጥያቄ ተማሪዎች ደጋግመው ያነሡልኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የበረራ ሲሙሌተር ሥራ ብዙው ክፍል በአንድ ዋና የሥራ መስመር ላይ በቅደም ተከተል የሚከናወን ነው። አንድ ምጣድ ብቻ ባለበት ቤት ስምንት ጋጋሪ ቢሰለፍ እንጀራው አይፈጥንም፤ ሰባቱ ቆመው ያያሉ። ጂን አምዳል እ.ኤ.አ. በ1967 ያቀረበው ሐሳብ ይህንኑ በቁጥር ይገልጸዋል። ከአንድ ሥራ ከመቶ 40ው በቅደም ተከተል ብቻ የሚሠራ ከሆነ፣ ቀሪውን ለቁጥር ስፍር በሌላቸው ኮሮች ብናከፋፍለው እንኳ ጠቅላላው ፍጥነት ከ2.5 እጥፍ አያልፍም። ስለዚህ የሁሉም ኮሮች አማካይ ሥራ ዝቅተኛ ሆኖ እያለ ያ አንዱ መስመር በሥራ ተጨናንቆ ሊሆን ይችላል።

የትኛው እንደ ዘገየ ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ኤክስ ፕሌን በስክሪኑ ላይ ከሚያወጣቸው መረጃዎች አንዱ የፕሮሰሰሩንና የግራፊክስ ካርዱን ጊዜ ለየብቻ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የማይክሮሶፍት ሲሙሌተርም የገንቢዎች ሁነታ ሲከፈት የገደበው ዋናው የሥራ መስመር ይሁን ግራፊክስ ካርዱ በጽሑፍ ይነግራል። እንዲህ ያለ ቆጣሪ የሌለው ሰው ደግሞ ቀላል ፈተና አለለት። ሪዞሉሽኑን ከ1920 በ1080 ወደ 1280 በ720 ዝቅ ያድርግ። የሚሣሉት ነጥቦች ከ2,073,600 ወደ 921,600 ይወርዳሉ፤ የካርዱ ሥራ ከግማሽ በታች ሆነ ማለት ነው። የፍሬሙ ጊዜ በግልጽ ካጠረ የዘገየው ካርዱ ነበር። ምንም ካልተለወጠ ግን ካርዱን አትጠርጥሩ፤ ችግሩ ያለው ከፕሮሰሰሩ ወይም ከማስታወሻው ወገን ነው።

ፈተናው ፈተና እንዲሆን እንደ ማንኛውም የቤተ ሙከራ ሥራ ሥርዓት ይፈልጋል። አንድ ዐይነት አውሮፕላን፣ አንድ ዐይነት አየር ማረፊያ፣ አንድ ዐይነት የአየር ሁኔታ፣ አንድ ዐይነት የቀን ሰዓት ይሁን። መረጃው ገና ከዲስክ እየተነበበ ስለሚሆን የመጀመሪያውን በረራ አትመዝግቡ። ከዚያ ሦስት ጊዜ ድገሙ። በአንድ ጊዜ አንድ ቅንብር ብቻ ለውጡ፤ የለወጣችሁትንም ጻፉ። አምስት ነገር በአንድ ምሽት የለወጠ ሰው ቢሳካለትም የተሳካበትን ምክንያት አያውቅም።

ፕሮሰሰሩ ሲዘገይ

የዘገየው ፕሮሰሰሩ ከሆነ መጀመሪያ የምንቀንሰው እርሱ የሚቆጥራቸውን ነገሮች ነው፦ የሕንፃዎችንና የዛፎችን ብዛት፣ የሌሎች አውሮፕላኖችንና የመኪናዎችን ትራፊክ፣ መልክዓ ምድሩ በዝርዝር የሚታይበትን ርቀት። ስለ ርቀቱ ጂኦሜትሪ የሚለውን አስታውሱ። የክበብ ስፋት በሬዲየሱ ስኩዌር ስለሚያድግ የዕይታውን ርቀት በእጥፍ መጨመር ስፋቱን አራት እጥፍ ያደርገዋል። በተገላቢጦሹ ርቀቱን በጥቂቱ መቀነስ ብዙ ሥራ ያቃልላል፤ ከ3,000 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ዐይን ግን ልዩነቱን እምብዛም አያስተውለውም።

ቀጥሎ ማስታወሻው፣ ማለትም ራሙ፣ ይመጣል። ብዙ ሰው የሚጠይቀው ስለ መጠኑ ብቻ ነው። ፍጥነቱና አገጣጠሙም እኩል ሊታዩ ይገባል። በማሸጊያው ላይ 3200 ተብሎ የተሸጠ ዲዲአር 4 ራም፣ በባዮስ ውስጥ ኤክስኤምፒ የተባለው ቅንብር ካልተከፈተ፣ ብዙ ጊዜ በ2133 ወይም በ2400 ብቻ ይሠራል። ባለቤቱ የከፈለበትን ፍጥነት ሳያገኝ ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ። አገጣጠሙን በተመለከተ፣ በ3200 የሚሠራ አንድ ራም ብቻውን በሰከንድ እስከ 25.6 ጊጋባይት ያስተላልፋል፤ ሁለት ራሞች በትክክለኛዎቹ ሁለት መስመሮች ሲሰኩ 51.2 ጊጋባይት ይደርሳል። ስለዚህ አንድ ባለ 16 ጊጋባይት ከመግዛት ሁለት ባለ 8 መግዛት ይመረጣል፤ የት እንደሚሰኩ ደግሞ የማዘርቦርዱ መመሪያ ያመለክታል።

ማስታወሻ ይህን ያህል የሚከብደው የሲሙሌተር ስሌት ብዙ የተበታተነ መረጃ ስለሚፈልግ ነው። ይህን በግልጽ ያሳየን ኤኤምዲ እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣው ራይዘን 7 5800ኤክስ3ዲ ነው። ከቀዳሚው 5800ኤክስ ይልቅ የሰዓት ምቱ ዝቅ ያለ ነበር፤ በፕሮሰሰሩ ውስጥ የተሠራው ፈጣን ማስታወሻ ግን ከ32 ወደ 96 ሜጋባይት አድጓል። በበረራ ሲሙሌተሮች ላይ ግን በምት የበለጠውን ወንድሙን ቀድሞት ተገኘ። ፕሮሰሰር የሚገዛ ሰው ጊጋ ኸርዙን ብቻ አይቶ እንዳይወስን ይህ በቂ ማስረጃ ነው።

ላፕቶፕ የያዛችሁ ሁሉ ደግሞ ሁለት ነገር አረጋግጡ። ኮምፒውተሩ ከኤሌክትሪክ መስመር ጋር ይገናኝ፤ በባትሪ ብቻ ሲሠራ ኃይሉን እጅግ ይቆጥባልና። የዊንዶውስ የኃይል ዕቅድም ለከፍተኛ አፈጻጸም የተዘጋጀው ይሁን። ሁለቱም ገንዘብ አያስወጡም።

ግራፊክስ ካርዱ ሲዘገይ

ፈተናው ካርዱን ያመለከተ እንደ ሆነ የምንነካው የሚሣሉትን ነጥቦችና እያንዳንዱ ነጥብ የሚጠይቀውን ሥራ ነው፦ ሪዞሉሽን፣ የጠርዝ ማለስለሻ፣ ደመና፣ ጥላ፣ የውሃ ላይ ነጸብራቅ። ምስሉ የሚሣልበትን ሚዛን ከመቶ ወደ 80 ብታወርዱት ስፋቱም ቁመቱም ስለሚቀንስ የነጥቦቹ ብዛት ወደ 64 ከመቶ ይወርዳል። ከሲሶ በላይ የሆነ ሥራ ቀነሰ ማለት ነው። የመሣሪያዎቹ ጽሑፍ እስከ ተነበበ ድረስ ይህ ጥሩ ልውውጥ ነው፤ የከፍታ መለኪያው ካልተነበበ ግን ሥልጠናው ዓላማውን ስቷል።

ከፍጥነት ጉድለት የሚለይ ሌላ ሕመምም አለ፤ እርሱም የካርዱ ማስታወሻ ሲሞላ የሚመጣው ነው። ኤንቪዲያ አርቲኤክስ 3060 የተባለውን ባለ 12 ጊጋባይት ካርድ ብንወስድ ከገዛ ማስታወሻው በሰከንድ እስከ 360 ጊጋባይት ያነባል። ማስታወሻው ሲሞላ ግን የተረፈውን ከዋናው ራም በፒሲአይ ኤክስፕረስ መስመር ማምጣት ይኖርበታል፤ የዚህ መስመር አራተኛ ትውልድ በሙሉ ስፋቱ በአንድ አቅጣጫ 32 ጊጋባይት ያህል ብቻ ያሳልፋል። ከአሥር እጥፍ በላይ የሆነ ልዩነት ነው። የዚህ ምልክቱ አማካዩ ደኅና ሆኖ ሳለ ካሜራው ዞር ሲል ድንገት መገተር ነው። መድኃኒቱም የገጽታ ምስሎቹን ጥራት አንድ ደረጃ ዝቅ ማድረግ ነው።

ሙቀት እና የአዲስ አበባ አየር

«መጀመሪያ ጥሩ ይሄዳል፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ መቆራረጥ ይጀምራል» የሚል ስሞታ ስሰማ አስቀድሜ የምጠረጥረው ሙቀትን ነው። ዘመናዊ ፕሮሰሰር ከተወሰነ የሙቀት መጠን፣ በብዙዎቹ ከ95 እስከ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ፣ ሲደርስ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ስለዚህ የአምስት ደቂቃ ፈተና ያሳስታል፤ ቢያንስ 20 ደቂቃ በረራ ያስፈልጋል።

በዚህ ላይ ለእኛ ለደጋ ሰዎች የተለየ ጉዳይ አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በመደበኛው የከባቢ አየር ስሌት በዚህ ከፍታ የአየር እፍጋት በባሕር ጠለል ካለው 80 ከመቶ ገደማ ነው። አውሮፕላን ከቦሌ ሲነሣ ረጅም ማኮብኮቢያ የሚፈልግበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ክንፉም ሞተሩም ሳሳ ባለ አየር ይሠራሉና። ያው አየር የኮምፒውተራችንንም ማራገቢያ ይነካል። ማራገቢያው በደቂቃ የሚገፋው የአየር ይዘት አይለወጥም፤ በዚያ ይዘት ውስጥ ያለው የአየር ክብደት ግን በአንድ አምስተኛ ይቀንሳል። ሙቀት የሚሸከመው ይህ ክብደት ነው። በባሕር ጠለል ላይ በሳጥኑ ውስጥ ሲያልፍ በ12 ዲግሪ የሚሞቅ አየር፣ ያንኑ ሙቀት ለመሸከም በአዲስ አበባ በ15 ዲግሪ ይሞቃል። የከተማችን አየር ቀዝቃዛ መሆኑ ከዚህ የተወሰነውን ይክሳል፤ በአቧራ የተደፈነ ማጣሪያ ግን የቀረውን ያባብሳል።

ስለዚህ ግዢ ከማሰብ በፊት አቧራውን አጽዱ፤ ላፕቶፑን ከኋላው ከፍ አድርጋችሁ አየር እንዲገባበት አድርጉ፤ ያረጀውን የሙቀት ማስተላለፊያ ቅባት በባለሙያ አስቀይሩ። ፍጥነትን ከተወሰነለት በላይ መጨመርን እኔ አልመክርም፤ ለጥቂት ከመቶ ጥቅም ብዙ ሙቀት ይከፈልበታል። የተገላቢጦሹ ይሻላል። የፕሮሰሰር የኃይል ፍጆታ በቮልቴጅ ስኩዌር ስለሚለወጥ ቮልቴጁን በ5 ከመቶ መቀነስ ከፍጆታው 10 ከመቶ ገደማ ይቀንሳል። በማሽኑ የሚፈቀድ ከሆነ በጥቂት በጥቂቱ፣ በየደረጃው መረጋጋቱን እየፈተኑ ሊሞከር ይችላል።

ዲስክ፣ ኢንተርኔት እና ኤሌክትሪክ

ሦስት አጫጭር ማሳሰቢያዎች ይቀሩኛል። ሲሙሌተር በበረራ ላይ ሳለ የቀጣዩን መልክዓ ምድር ከዲስክ ያነባል። በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ የሚፈለገው መረጃ ዞሮ እስኪመጣለት ብቻ በአማካይ 4.2 ሚሊሰከንድ ይጠብቃል፤ ኤስኤስዲ የሚሽከረከር ነገር ስለሌለው ይህ መጠበቅ የለበትም። በበረራ መካከል በየጥቂቱ የሚመጣ መገተር፣ የዲስኩም መብራት አብሮ የሚበራ ከሆነ፣ ወደዚያ ያመለክታል።

የማይክሮሶፍቱ ሲሙሌተር የመልክዓ ምድር ምስሉን በአብዛኛው ከኢንተርኔት ይስባል። ግንኙነቱ ደካማ ከሆነ ምድሩ ብዥ ይላል፤ ለዚህ ግራፊክስ ካርድ መቀየር አይፈይድም። በዲስክ ላይ የሚያጠራቅመውን ቦታ ማስፋት፣ ወይም መልክዓ ምድራቸውን አስቀድሞ በዲስክ ላይ ማስቀመጥ የሚቻልባቸውን ኤክስ ፕሌንን ወይም ፍላይት ጊርን መምረጥ ይረዳል።

በመጨረሻም የባዮስን ቅንብር መለወጥና ባዮሱን ራሱን ማዘመን የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን አስምሩበት። የመጀመሪያው ቢበላሽ ወደ ነበረበት መመለስ ይቻላል። ሁለተኛው በመካከል መብራት ቢጠፋበት ማዘርቦርዱን ከነጭራሹ ሊያስቀረው ይችላል። መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ያላችሁ ያለ መጠባበቂያ ኃይል ይህን አትሞክሩ።

ማጠቃለያ

ውድ ተማሪዎች፣ እስካሁን ከዘረዘርኳቸው መፍትሔዎች አብዛኞቹ ገንዘብ የማያስወጡ ወይም በጥቂት ወጪ የሚፈጸሙ መሆናቸውን ልብ እንድትሉ እፈልጋለሁ። ኤክስኤምፒ መክፈት፣ ራምን በትክክለኛው ቦታ መሰካት፣ የዕይታውን ርቀት መቀነስ፣ ፍሬምን መገደብ፣ አቧራ ማጽዳት፤ እነዚህ ሁሉ የሚጠይቁት ትዕግሥትና ማስታወሻ ደብተር ነው። ከእነዚህ በኋላ ግዢ አስፈላጊ ሆኖ ከተገኘ ግዙ፤ ነገር ግን ልኬቱ የጠቆመውን ክፍል ግዙ።

ይህ ልማድ ከሲሙሌተር አልፎ የሚያገለግላችሁ ነው። ነገ በአውሮፕላን ጥገናም ሆነ በኃይል ማመንጫ ወይም በመረጃ ማዕከል ብትሠሩ፣ አንድ ሥርዓት ሲዘገይ ጥርጣሬያችሁን ወደ መላ ምት፣ መላ ምቱን ወደ ፈተና፣ ፈተናውን ወደ ቁጥር መለወጥ ይጠበቅባችኋል። በበረራ ላይ የመሣሪያን ንባብ ከስሜት አስበልጦ ማመን አብራሪ ከሚማራቸው ቀዳሚ ትምህርቶች አንዱ ነው። ያንን ትምህርት አውሮፕላን ውስጥ ከመግባታችሁ አስቀድሞ በኮምፒውተሩ ላይ መጀመር ትችላላችሁ።

 አሁን ጥያቄዎቻችሁን ለመቀበል ዝግጁ ነኝ።